የቤት ማኅደር፦ የቤተ ሰብን መዝገብ የሚጠብቅ ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

አባቴ በሕይወት ሳለ ከራት በኋላ ያጫውተን የነበረውን የልጅነቱን ታሪክ ታላቅ እኅቴ በዐሥራ አንድ ካሴት ቀድታ አኑራው ነበር። ካሴቶቹ እያረጁ፣ ድምፁም እየጎረነነና እየተንቀጠቀጠ በሄደ ጊዜ፣ እኔ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በአንዲት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ አስቀመጥሁትና፣ ከእንግዲህ ወዲህስ ነገሩ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሆነ ብዬ፣ ካሴቶቹን በካርቶን አድርጌ ከዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ጣልኋቸው፤ የሁለት ክረምት እርጥበትም ሻጋታ አልብሶ አበላሻቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ዲስኳ ሥራ ላይ እንዳለች ከወንበር ላይ ወደቀች። ከፍታው ከጉልበት የማይበልጥ፣ ልባሷም ያልተጫረ ሲሆን፣ ብሰካት ብነቅላት አልከፈት አለች።

ወደ አንድ ጠጋኝ ወጣት ይዣት ሄድሁ። ወጣቱ ገመዷን ሰክቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ ወደ ጆሮዬ አስጠጋልኝና፣ «ጋሼ፣ ይሰማዎታል? ይህ ቀጭ ቀጭ የሚለው ጭንቅላቱ ነው፤ መንገዱ ጠፍቶበት እየተመላለሰ ነው። ሌላ ቦታ ቅጂ አለዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። ዝም አልሁ። እርሱም ዝም ብሎ ገመዷን ነቀለና፣ «እንግዲያው ደግመው አያስነሷት፤ በተነሣች ቁጥር የቀረውን ትፍቃለች» አለኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የቤት ማከማቻና የመጠባበቂያ ቅጂ ነገር ምን እንደ ሆነ አጥብቄ መመርመር የጀመርሁት ከዚያች ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለሚያነብብ ሰው፣ ከብዙ ልፋት በኋላ የደረስሁበትን ነገር ከመጀመሪያው ልንገረው፦ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ግሩምና ፈጣን መሣሪያ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ፣ በሁለት ልዩ ልዩ ቤቶች በሚቀመጡ ሁለት ትሑታን ዕቃዎች ላይ ቢያካፍለው ይሻለዋል። ከዚህ በታች ስለ ዲስክ፣ ስለ ኮምፒውተርና ስለ መብራት የምናገረው ሁሉ ይህንኑ አንድ ነገር ለማገልገል ነው።

የቤት ሰርቨር የሚባለው ነገር በስሙ የሚያስፈራ ቢመስልም በባሕርዩ ቀላል ነው፤ ከቤቱ ራውተር ጋር በገመድ ተያይዞ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሀርድ ዲስኮችን በሆዱ የያዘ፣ ከተዘጋጀ በኋላ ስክሪንም ሆነ ኪቦርድ የማይሻ ኮምፒውተር ነው። የቤተ ሰቡ ስልኮችና ላፕቶፖች ሁሉ ፎቶግራፋቸውን፣ ሰነዳቸውንና ቪዲዮአቸውን በየጊዜው ወደ እርሱ ይገለብጣሉ፤ ስልክ ቢሰረቅ ወይም ላፕቶፕ ቢሰበር በእርሱ ዘንድ ይገኛል። አባቶቻችን የብራናውን መጽሐፍ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ከትተው፣ በማንገቻው ከግድግዳ ላይ ሰቅለው ከአይጥና ከእርጥበት ይጠብቁት እንደ ነበረ፣ ይህም መሣሪያ ለዘመናችን መዝገብ ማኅደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይቢኤም የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማከማቻ፣ ስፋታቸው 24 ኢንች የሆኑ 50 ሳህኖችን የደረደረና አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ ይይዝ የነበረው 5 ሚሊዮን ፊደላት ብቻ ነበር፤ ያ ሁሉ ብረት ተሰብስቦ ዛሬ በስልካችን የምናነሣትን አንዲት ፎቶግራፍ ቢሸከም ነው። ዛሬ ግን ማንኛውም ቤተ ሰብ በመጠነኛ ገንዘብ የራሱን ቤተ መዛግብት ሊያቆም ይችላል።

ወደ ገበያ ከመውጣት በፊት የሚጠበቀው ነገር ልኩ ይታወቅ፤ ዐሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላልና። አንዲት የስልክ ፎቶግራፍ ከ3 እስከ 4 ሜጋባይት ብትመዝን፣ 10 ሺህ ፎቶግራፍ 40 ጊጋባይት ቢሞላ ነው። ዲስክ የሚበላው ቪዲዮ ነው፤ ፎርኬ በሚባለው ከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከ170 እስከ 400 ሜጋባይት ሊወስድ ስለሚችል፣ የሁለት ሰዓት የሰርግ ቪዲዮ ብቻውን ከ20 እስከ 48 ጊጋባይት ይይዛል። በአንጻሩ የአባቴ የዐሥራ አንዱ ካሴት ድምፅ በሙሉ አንድ ጊጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር። ይህን ስሌት በሠራሁ ጊዜ እጅግ የከበደኝ ነገር፣ ከሁሉ የከበረው ሀብታችን ከሁሉ ያነሰ ቦታ የሚይዝ መሆኑ ነው፤ ያን ድምፅ በሦስትና በአራት ቦታ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ዋጋ ከምንም የሚቈጠር አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ ያለውን ሁሉ ደምሮ በሦስት ማባዛት ለመጪዎቹ ዓመታት መልካም ልክ ነው፤ ለብዙው ቤተ ሰብም ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ይበቃል። በኮምፒውተሩ ላይ 3.6 ብሎ ቢያሳይ ሻጩ አታለለ አይባልም፤ አምራቹ በ1,000 ሲቈጥር ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቈጥር ነው።

የነገሩ ሁሉ ልብ ሀርድ ዲስኩ ነውና፣ ምርጫው ላይ ብዙ መድከም የሚገባው ስለ እርሱ ነው። በውስጡ እንደ መስተዋት የለሰለሱ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ፤ የሚያነብበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ግን ሳህኑን ከቶ አይነካውም፤ ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው የነፋስ ትራስ ላይ ተንሳፍፎ፣ ከጠጉር ውፍረት ከሺህ እጅ አንዱን እጅ በማይሞላ ከፍታ ይበርራል እንጂ። የእኔይቱ ዲስክ በወደቀችበት ቅጽበት የሆነው ይኸው ነው፤ የሚበርረው ጭንቅላት ምድሩን መታ።

ይህ የነፋስ ነገር ለእኛ ለደገኞች የተለየ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች፣ አየሯ ያለው ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የዲስክ አምራቾችም በመግለጫቸው ላይ ዲስኩ ሊሠራ የሚችልበትን የከፍታ ወሰን አብዛኛውን ጊዜ 3,048 ሜትር አድርገው ይጽፋሉ። ስለዚህ አዲስ አበባም፣ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው ደብረ ብርሃንም ከወሰኑ በታች ናቸው፤ ከዚያ በሚያልፈው ውርጭ ምድር የሚኖር ሰው ግን የሚዞርም የሚበርርም ነገር የሌለበትን ኤስኤስዲ ቢመርጥ ይሻለዋል። ሳሳ ያለ አየር ሙቀትንም አጥብቆ ስለማይወስድ፣ በደጋ አገር ዲስኮቹ ፊት ለፊት የሚነፍስ ማራገቢያ መኖሩ ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው።

ዲስክ ሲገዛ አጻጻፉም ይጠየቅ። ሲኤምአር በሚባለው አጻጻፍ መስመሮቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ኤስኤምአር በሚባለው ግን እንደ ጣራ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ደርቦ ይተኛል፤ ብዙ ለማስያዝ ቢጠቅምም አንዱን ለማስተካከል ጎረቤቶቹን ሁሉ ማንሣት ስለሚያስፈልግ፣ የሞተውን ዲስክ በአዲስ ለመተካት በሚደረገው ረጅም ግልበጣ ጊዜ ሥራው እጅግ ይጓተታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለሰርቨር ተብለው በሚሸጡ አንዳንድ ዲስኮች ውስጥ ይህ አጻጻፍ ሳይገለጥ እንደ ገባ ታውቆ ብዙ ገዥዎችን አሳዝኗልና፣ ገዥ የሞዴሉን ቁጥር ይዞ የአምራቹን መግለጫ ይመልከት፤ ለሰርቨርም ሲኤምአር የሆነውን ይምረጥ።

ያገለገለ ዲስክ የሚገዛ ሰው ደግሞ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የራሱን መዝገብ አስከፍቶ ሳያይ ገንዘቡን አይስጥ። በዚያ መዝገብ ላይ 40 ሺህ ሰዓት ተብሎ ቢገኝ፣ ዲስኩ አራት ዓመት ተኩል ያህል ሌሊትና ቀን ሲዞር ኖሯል ማለት ነው። የጉግል መሐንዲሶች ከ100 ሺህ በሚበልጡ ዲስኮች ላይ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ የመጀመሪያውን የፍተሻ ስሕተት ያሳየ ዲስክ በሚከተሉት 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ካላሳየው 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ምንም ምልክት ሳያሳዩ በድንገት የሞቱትም ብዙዎች ነበሩ። እንግዲህ ምልክቱን ማየት ጥበብ ነው፤ በምልክቱ አለመታየት መተማመን ግን አይገባም።

ዲስኮቹን የሚሸከመውን ኮምፒውተር ለማግኘት ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው እንደ ታይዋኖቹ እንደ ሲኖሎጂና እንደ ኪውናፕ ያሉ ኩባንያዎች ለዚሁ ሥራ ብለው የሠሩትን ሳጥን መግዛት ነው፤ ዲስኩን ወደ መሳቢያው አስገብቶ ማስነሣት ብቻ ስለሚበቃ ጊዜ ለሌለው ሰው የተመቸ ቢሆንም፣ ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ሲበላሽም ክፍሎቹ በቀላሉ አይገኙም። ሁለተኛው እንደ ኢንቴል ኤን 100 ያለ፣ የሙቀት ልኩ 6 ዋት ብቻ የሆነ ፕሮሰሰር የተገጠመበት ትንሽ አዲስ ማዘርቦርድ ገዝቶ በራስ ኬዝ ማዋቀር ነው። ሦስተኛው፣ እኔም የመረጥሁት፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው።

ዴስክቶፑን በጠረጴዛዬ ላይ ከፍቼ ያየሁትን ልናገር፤ የገዥ ምርመራ ይህን ይመስላልና። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ በቀለም ብሩሽ ካራገፍሁ በኋላ በመጀመሪያ የቈጠርሁት ሳታ የሚባሉትን የዲስክ መሰኪያዎች ነበር፤ ሦስት ናቸው። ሁለተኛም ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ የሚያርፍበትን ስፍራ አየሁ፤ አንድ ብቻ ስለ ነበረ የሲዲ ማጫወቻውን ነቅዬ በስፍራው ሁለተኛውን ዲስክ በብረት ማቀፊያ አሰርሁት። በሦስተኛው መሰኪያ ላይ ሥርዐተ ክወናውን የሚይዝ ትንሽ ኤስኤስዲ ሰካሁ። ከዚህ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ተመለከትሁ፤ በአንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ከማዘርቦርዱ የሚገናኘው ገመድ ከተለመደው ቅርጽ የተለየ ስለሆነ፣ በተቃጠለ ጊዜ ከገበያ የተገኘው ሁሉ አይገጥምለትም፤ ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ኋላ ያስጸጽታል። ራሙ 8 ጊጋባይት ነበር፤ ፋይል ለማኖር ለቆመ ቤት ይህ ይበቃል። ስሕተቱን ራሱ የሚያርም ኢሲሲ የሚባል ራም ያለው መሣሪያ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ግን ለእርሱ የሚወጣው ገንዘብ ሁለተኛውን ቅጂ ለማቆም ቢውል ይበልጣል።

ፍጥነት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ሰርቨሩ እጅግ የፈጠነ ፕሮሰሰር ቢኖረው፣ ፋይሉ የሚያልፈው በኔትወርኩ ገመድ ነውና ከገመዱ ልክ አያልፍም፤ በጊጋቢት መሥመር አንድ ቴራባይት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሲበቃ፣ በርካታ የቤት ራውተሮች ባላቸው በ100 ሜጋቢት መሰኪያ ግን አንድ ሙሉ ቀን ያልፋል። ስለዚህ ውድ ፕሮሰሰር ከመፈለግ አነስተኛ የጊጋቢት ስዊችና ደኅና ገመድ መግዛት ይቀድማል።

በአገራችን ከዲስክ ቀጥሎ ሊታሰብበት የሚገባው መብራት ነው። ሰርቨሩ ፋይል እየጻፈ ሳለ መብራት ቢጠፋ ጽሕፈቱ በመካከል ይቈረጣል፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው የኀይል ግፊትም ፓወር ሰፕላዩን ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ በዲቫይደር ብቻ ተሰክቶ የሚሠራ ሰርቨር ያለ ጣራ እንደ ቆመ ቤት ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪው ለጥቂት ጊዜ የሚተካ ዩፒኤስ የሚባል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገር ዐይነት ይሁን፤ መብራት ከጠፋ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልእክቱን ተቀብሎ ሰርቨሩ ራሱን በሥርዐት ይዘጋልና። ባዮስ በሚባለው የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ውስጥም መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ያለ ሰው እጅ እንዲነሣ የሚያዝ ትእዛዝ ስላለ እርሱን ማብራት አይረሳ። የዩፒኤሱ ባትሪ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚደክም፣ የተገዛበትን ቀን በወረቀት ጽፎ በጀርባው ላይ መለጠፍ ይገባል። የመብራት ወጪው ደግሞ እንዲህ ይሰላል፦ 20 ዋት የሚበላ ሰርቨር በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ 60 ዋት የሚበላ አሮጌ ኮምፒውተር 525 ይፈጃል፤ በርካሽ የተገዛው አሮጌ ዕቃ በየወሩ ዋጋውን እያስከፈለ ይኖራል ማለት ነው።

ስለ ሶፍትዌሩ ብዙ አልናገርም፤ ትሩናስና ኦፕን ሚዲያ ቮልት የሚባሉት ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። ትሩናስ የሚሠራበት፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዐት ግን አንድ የሚያስመሰግን ጠባይ አለው፦ በእያንዳንዱ ጽሕፈት ላይ ማኅተም ያኖርበታል፤ በየወሩም ቅጠል በቅጠል እየገለጠ ማኅተሙን ይመረምራል፤ በሁለት ዲስክ ላይ የተጻፈ ከሆነም የተበላሸውን ከደኅናው ቅጂ አርሞ ይጽፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ሦስት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ሊቃውንት፣ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አስተባብሮ እንደ አንድ ትልቅና አስተማማኝ ዲስክ ማሠራት እንደሚቻል ጽፈው ሬይድ ብለው ሰየሙት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ በዚህ ሥርዐት ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ነገር ግን ብዙዎች በዚህ ተደላድለው ይቀመጣሉ፤ አደጋውም በዚህ አለ። ልጅ በስሕተት አንድ ፋይል ቢሰርዝ ከሁለቱም ዲስክ በአንድ ጊዜ ይሰረዛል፤ ፋይል ቈላፊ ቫይረስ ቢገባ ሁለቱንም ይቈልፋል፤ ሌባ ቢመጣ ሳጥኑን በሙሉ ተሸክሞ ይሄዳል፤ እሳትም ቢነሣ አንዱን መርጦ አይተውም። ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ ይረዳል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ እንደሚለው፣ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዐይነት ማከማቻ ይቀመጥ፣ አንዱም ከቤት ውጭ ይሁን።

ይህ ምክር ለእኛ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። መጽሐፈ ሄኖክ በግሪኩ በከፊል ሲገኝ፣ በአራማይክ ደግሞ ከቁምራን ዋሻዎች ቁርጥራጩ ብቻ ተለቅሞ፣ ሙሉው መጽሐፍ እስከ ዛሬ የቆየው በግእዝ ነው፤ ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ እስኪደርስ ድረስም የዚያ አገር ሊቃውንት ጠፍቶ የቀረ መጽሐፍ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። ያዳነው ምንድን ነው? ሩቅ አገር ያለች አንዲት ሌላ ቅጂ፣ እርሷንም ትውልድ በትውልድ እየተካ የገለበጠ ጸሓፊ። በእኛም ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከየአብያተ ክርስቲያኑና ከየገዳማቱ ከ9 ሺህ የሚበልጡ መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ መደረጉና፣ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜአቸውን በዚያ መዝገብ ላይ ማሳለፋቸው የዚሁ ጥበብ ቅጥያ ነው። ሁለት ቦታ የተቀመጠ ነገር በአንድ እሳት አይጠፋም።

እኔም ይህን አሰብሁና፣ በቤቴ ካለው ሰርቨር ሌላ፣ አንዲት ዲስክ ገዝቼ ሁሉን ከገለበጥሁባት በኋላ ደብረ ብርሃን ለምትኖረው ለታላቅ እኅቴ በእጄ አደረስኋት። በኢንተርኔት መላኩን ትቼ በእጅ መውሰዱን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መሥመር አንድ ቴራባይት ለማስተላለፍ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል። ባሕር ማዶ ወንድም ወይም ልጅ ያለው ቤተ ሰብም እንዲሁ የመጀመሪያውን ቅጂ በሚመጣና በሚሄድ ዘመድ እጅ አድርሶ፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ የተጨመረውን ብቻ በየሌሊቱ በኢንተርኔት ቢልክ ሥራው ይቀልለታል። ቅጂው ግን ተቀምጧል ብሎ መተማመን አይገባም፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ከዚያች ዲስክ ላይ አንድ ፋይል መልሶ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ያልተሞከረ ቅጂ አለ ለማለት አይቻልምና።

ዲስኳን በሰጠኋት ቀን እኅቴ ቡናዋን አቅርባ ስልኳን ከመሶቡ አጠገብ አነሣችና፣ «ይህንንስ ጨምረህበታል?» አለችኝ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ካሴቶቹን በምገለብጥበት ሰሞን፣ «የአባዬን ድምፅ ትንሽ ላክልኝ» ብላ ጠይቃኝ የላክሁላትን፣ እኔ ፈጽሞ የረሳሁትን ድምፅ ከፈተችው። አባታችን ከብቶቹ ወንዝ ሲሞላ ማዶ የቀሩበትን ቀን ይተርካል፤ በመካከል ይስቃል፤ ከዚያም ቃሉን ሳይጨርስ ይቋረጣል። ሦስት ደቂቃ ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ከዐሥራ አንዱ ካሴት የተረፈው እርሱ ብቻ ሲሆን፣ የተረፈውም በሰው እጅ ሁለተኛ ቅጂ ስለ ነበረው ነው። ያን ዕለት ማታ በሰርቨሩ ላይ፣ በደብረ ብርሃኗ ዲስክ ላይና በልጄ ላፕቶፕ ላይ አኖርሁት፤ የእኅቴንም ስልክ ሳይጨምር ማለት ነው።